መሪውን ማን ይያዝ?

ጋሼ የተናገሩት በቅንነት ነበር። «ሸራውን አንቺ ስቀይው፤ መሪውን ግን ልጁ ይያዘው» አሉኝ። ይህን ካሉ ቆይቷል፤ እሳቸው ረስተውት ይሆናል። እኔ ግን ቢሮ ስገባም፣ ቡና ሳፈላም፣ ማታ ጋደም ስልም ያቺ ንግግር እየመጣች ትነዘንዘኛለች። ዛሬ ቁጭ ብዬ እስከ ጫፏ ልከተላት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

የካቲት 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው። ከዘጌ፣ ከዑራ ኪዳነ ምሕረት ንግሥ በሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳር እየተመለስን ነበር። አክስቴ፣ ባለቤቷ ጋሼ፣ ልጆቻቸው፣ አንዲት መነኩሲትና ሌሎች ጥቂት መንገደኞች አሉ። መንገዱን ካጋመስን በኋላ ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ። ባለ ጀልባው ወጣት የማስነሻ ገመዱን ደጋግሞ ሳበ፤ የነዳጁን ቱቦ ነቅሎ ነፋበት፤ እንደገና ሳበ። አልሆነም። ስልክ ተደወለ፤ መጥተው የሚጎትቱን ሰዎች ገና ዘጌ ናቸው፣ ሰው ጭነው ሳይጨርሱ አይነሡም። ጣናን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ካለፈ ውሃው ዝም አይልም። ጀልባዋ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጥታ መናወጥ ጀመረች። መነኩሲቷ ውዳሴ ማርያም መድገም ያዙ።

እኔ የማየው ከላያችን የተወጠረውን ሰማያዊ ሸራ ነበር። ለፀሐይ መከላከያ ተብሎ በብረት ቅስት ላይ የታሰረ ተራ ሸራ ነው። ነፋሱ ከሰሜን እየገባበት ሆዱን ይነፋዋል፤ ጀልባዋንም በጎኗ ቀስ እያለ ይገፋታል። ወደ ቤት የሚወስደን ኃይል ከራሳችን በላይ እየተርገበገበ እኛ ያልተነሣ ሞተር እንጎትታለን። ባለ ጀልባውን «ይህን ሸራ ፍታልኝ» አልኩት። ግራ ተጋብቶ አየኝ። አክስቴ «እሷ እኮ ሆላንድ ሳለች በሸራ ጀልባ ስትወዳደር የኖረች ናት» አለችው። ያን ጊዜ ነው ጋሼ ሁሉንም ወገን ያስማማል ያሉትን ሐሳብ ያመጡት። ሸራው ለእኔ፣ መሪው ለልጁ።

ሥራው ለእኛ፣ ውሳኔው ለእነሱ

ጋሼ ስለ ሸራ ጀልባ ውድድር ሰምተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ነገር ግን የዚያን ስፖርት የመቶ ዓመት ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩት።

ሴት ከውድድር ጀልባ ላይ ጨርሳ ጠፍታ አታውቅም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪስ ኦሊምፒክ በሸራ ጀልባ ውድድር ለስዊዘርላንድ የተሰለፈችው ሄለን ደ ፑርታሌስ በኦሊምፒክ ታሪክ ሻምፒዮን ለመሆን የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አብረዋት የነበሩት ባሏና የባሏ የወንድም ልጅ ናቸው። ስዊዘርላንድ ባሕር የሌላት አገር መሆኗን እግረ መንገዴን ላስታውስ፤ ኋላ ያስፈልገኛል። ለሴቶች ብቻ የተዘጋጀ የሸራ ጀልባ ውድድር በኦሊምፒክ የታየው ግን በ1988 በሴኡል ነው። በመካከሉ 88 ዓመት አለ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሴቶች ከወንዶች ጋር በአንድ ጀልባ ሊሳፈሩ ይችሉ ነበር፤ ገመድ ይስባሉ፣ ሸራ ያጥፋሉ፣ ጀልባዋ እንዳትገለበጥ ክብደታቸውን ከጎን ወደ ጎን ያመላልሳሉ። ወዴት እንደሚኬድ የሚወስነው እጅ የእነሱ የሆነበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው።

እንግሊዛዊቷ ትሬሲ ኤድዋርድስ በ1985 ዓለምን በሚዞረው የዊትብሬድ ውድድር ላይ ቦታ ያገኘችው በምግብ አብሳይነት ነው። ይህን ሳነብ ከሁሉ የገረመኝ ሥራው አይደለም። ምግብ አብሳይነት ትንሽ ነገር አይደለም፤ በተጋደመ ጀልባ ላይ፣ ድስቱ ከምድጃው እንዳይዘል በአንድ እጅ ይዞ ማብሰል የሚችል ሰው የቱንም የባሕር ሥራ ይችላል። የገረመኝ፣ ያን ሁሉ ወንድ በነፍስ ያቆየችውን እጅ አምነው ሲበሉ፣ ያው እጅ መሪ ይይዛል ብለው ለማሰብ አለመቻላቸው ነው። እሷም በሌላ ሰው ጀልባ ላይ የሚሰጣትን ቦታ መጠበቅ ተወች። ቤቷን አስይዛ አሮጌ ጀልባ ገዛች፤ ከሴት ባልደረቦቿ ጋር ሆነው ራሳቸው ፈልፍለው አደሱት፤ የዮርዳኖሱ ንጉሥ ሁሴን ደገፏት። በ1989 «ሜይደን» የተባለችው ጀልባ ሴቶችን ብቻ ይዛ ከሳውዝሃምፕተን ወጣች። ከመጀመሪያው ጉዞ አታልፍም ያላት ብዙ ነበር። ከኡራጓይ ወደ አውስትራሊያ፣ በዓለም እጅግ ክፉ በሚባለው በደቡባዊው ውቅያኖስ በኩል የሚያልፈውን ጉዞ በምድቧ አንደኛ ሆና ጨረሰች። ቀጣዩንም ደገመችው። በአጠቃላይ በምድቧ ሁለተኛ ወጣች።

እኛ ዘንድ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል። ይህን ተረት የምጠላው ሴትን አላዋቂ ስለሚል አይደለም፤ እንዲያውም ታውቃለች ይላል። ዕውቀቷን ተቀብሎ መጨረሻውን ይወስድባታል። ጋሼ ያሉትም ይህንኑ ነው፤ ሸራ መስቀል የምችል መሆኔን በደስታ ተቀብለዋል።

መሪ የሚነጠቅበት ሌላም መንገድ አለ፤ እሱም እናትነት ነው። ፈረንሳዊቷ ክላሪስ ክሬመር በ2020 በተጀመረው የቫንዴ ግሎብ ውድድር ብቻዋን፣ ሳታርፍ፣ ያለ ማንም ርዳታ በ87 ቀን ዓለምን ዞራ ተመለሰች። ከዚያ ወለደች። በ2023 ስፖንሰሯ ለቀጣዩ ውድድር ማጣሪያ የሚያስፈልገውን የውድድር ማይል ላትሞላ ትችላለች በሚል በሌላ ሰው ሊተካት መወሰኑን አስታወቀ። ማይሉ የጎደለው በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ነበር። ሌላ ደጋፊ ፈልጋ በ2024 እንደገና ተሰለፈች፤ ውድድሩንም ጨረሰች። ሆላንዳዊቷ ማሪት ባውሜስተር ደግሞ በ2012 ብር፣ በ2016 ወርቅ፣ በቶኪዮ ነሐስ ወስዳ በ2022 ልጅ ወለደች፤ በ2024 በፓሪሱ ኦሊምፒክ፣ በማርሴይ ባሕር ላይ እንደገና ወርቅ ወሰደች። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ልዩነቱን ጉልበታቸው ውስጥ አላገኘውም። አንዷን ቦታዋ ጠበቃት፤ ሌላዋን አልጠበቃትም።

ስቱርቦርድ

ወደ ሆላንድ የሄድኩት ዴልፍት ከተማ የውሃ ምሕንድስና ለመማር ነው። ሥራ አግኝቼ ቆየሁ፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ በሰሜኑ፣ በፍሪስላንድ ሐይቆችና በኤይሰልሜር ላይ መወዳደር ያዝኩ። ኤይሰልሜር ቀድሞ የባሕር ሰርጥ ነበር። ሆላንዶች 32 ኪሎ ሜትር ግድብ ሠርተው በ1932 ከባሕር ለዩትና ቀስ በቀስ ጨው አልባ ሐይቅ ሆነ። ስፋቱ የጣናን ሲሶ ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ደግሞ በአማካይ አምስት ሜትር ገደማ። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱን ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። የጀልባዬ አፍንጫ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ማዕበል ሲመታ፣ ከሆዴ ውስጥ ያወቅሁት ነገር ነበር። ከ15 ሜትር የማይጠልቀው የጣና ማዕበል ይኸው ነው።

የምወዳደርባት ጀልባ ዛሬ ኢልካ 6 የምትባለው፣ ቀድሞ ሌዘር ራዲያል የሚሏት ናት። ርዝመቷ ከአራት ሜትር ብዙ አያልፍም፤ የሸራዋ ስፋት 5.76 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሰው ብቻ ይሳፈርባታል። በአንድ እጅ የመሪውን ዘንግ፣ በሌላው የሸራውን ገመድ ይዞ፣ እግርን ከማቀፊያው ቀበቶ ሥር ሰክቶ፣ ወገብን ከጀልባዋ ውጭ ዘርግቶ መቀመጥ ነው። ከተወዳደሩ በኋላ ጭን ይንቀጠቀጣል፤ መዳፍ ይላጣል። እኔ ግን የወደድኳት ለሌላ ነገር ነው። በእሷ ላይ ሸራና መሪ የሚከፋፈሉ ሁለት ሰዎች የሉም።

በሸራ ጀልባ ውድድር ከሁሉ የሚከብደው መነሻው ነው። ውሃ ላይ መስመር አይሰመርም። በዳኞቹ ጀልባና በአንድ ተንሳፋፊ ምልክት መካከል መስመር አለ ብለህ ታስባለህ። አምስት ደቂቃ ሲቀር ባንዲራ ይሰቀላል፣ አራት ሲቀር ሌላ፣ አንድ ሲቀር አንዱ ይወርዳል፣ ከዚያ ሂዱ ነው። ጀልባ ደግሞ እንደ ሯጭ ቆሞ አይጠብቅም። ሁሉም ይዞራል፣ ይገፋፋል፣ ክፍተት ይፈልጋል፤ ከመስመሩ ቀድሞ ያለፈ ተመልሶ እንደገና ይነሣል። በዚህ ሁሉ ትርምስ መካከል አንድ የማይናወጥ ሕግ አለ። ነፋሱን በቀኝ ጎኗ የምትቀበል ጀልባ መንገዱ የእሷ ነው፤ በግራ የምትቀበለው ትለቃለች።

አንድ ቀን በቀኝ ነፋስ ወደ መስመሩ እየገባሁ ሳለ አንድ ግዙፍ ሰው በግራ ነፋስ ከፊቴ ሊያቋርጠኝ መጣ። እንደሚያልፈኝ ወይም እንደምለቅለት እርግጠኛ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ፊቱ ላይ ይነበባል። ከእኛ ቤት፣ «ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ» ሳይባል ያለፈ ቀን የለም። ከደጅ የሚሰማ ሳቅ እንኳ ያስወቅስ ነበር። እዚያ ግን ሳንባዬ እስኪነድ «ስቱርቦርድ!» ብዬ ጮህኩ። ቀኝ ነፋስ ነኝ፣ መንገዱ የእኔ ነው ማለት ነው። ሰውዬው መሪውን ገፋ፤ ጀልባው ከኋላዬ አለፈ፤ ሲያልፍም እጁን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። ቁጣ የለም፣ ይቅርታ መጠየቅም የለም። እሱ ነፋሱን ከየት በኩል እንደያዝኩ እንጂ ማን እንደሆንኩ መጠየቅ አላስፈለገውም።

ውድድሩን ስንተኛ ሆኜ እንደጨረስኩ ከትውስታዬ ጠፍቷል። ያ ድምፅ ግን የእኔ መሆኑን ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቃለሁ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለውን ተረት አያቴ ለወንድሞቼ ነበር የምትነግራቸው። እኔ በሆላንድ ውሃ ላይ ለራሴ ወሰድኩት።

«የት ልቀመጥ?»

እንግዲህ በጣና መካከል፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጋሼ የተናገሩት ነገር በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለነው። ጋሼን አከብራቸዋለሁ። ከአባቴ ሞት በኋላ ትምህርት ቤት የከፈሉልኝ እሳቸው ናቸው። እንደ እሳቸው ላለ ሰው፣ ያውም በሰው ፊት፣ «አይሆንም» አይባልም። ከዚያ በፊት ብያቸው አላውቅም።

«አይሆንም ጋሼ» አልኩ። «ሸራና መሪ በሁለት ሰው አይያዝም። ሁለቱንም የማዘው እኔ ነኝ፤ ልጁ ገመድ ይይዝልኛል።»

ይህን ያልኩት ክብር ፈልጌ እንዳይመስላችሁ። ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሸራው ባልታሰበ ወገን ከዞረ ሰው ይመታል፣ ጀልባም ያጋድላል። ይህ የሚሆነው መሪ የያዘው ሰው በአንድ ስንዝር ሲሳሳት ነው። ነፋሱ በጀርባው ላይ ሲዞር ያልተሰማው ሰው፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ያን ስንዝር አያውቃትም። ባለ ጀልባው ወጣት የጣናን ድንጋይ ሁሉ ያውቃል፤ በየት በኩል ውሃው እንደሚሳሳ፣ የት ደንገል እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ይነግርሃል። በሸራ ሄዶ ግን አያውቅም። ዕውቀታችን የተለያየ ነበር፤ በዚያች ሰዓት የሚያስፈልገው የእኔው ነበር።

ዝም ተባለ። አክስቴ ነጠላዋን አስተካከለች። የጋሼን ፊት ለማየት አልደፈርኩም። ያን ጊዜ ባለ ጀልባው ከመቀመጫው ተነሣ፤ መቅዘፊያውን አነሣና እጀታውን ወደ እኔ አዞረልኝ።

«እሺ እትዬ። እኔ የት ልቀመጥ?» አለ።

እስከ ዛሬ ደጋግሜ የማስበው ይህን ጥያቄ ነው። ጀልባው የእሱ ነው። መተዳደሪያው ነው፤ ሁላችንም በእሱ ኃላፊነት ላይ ነን። ልከራከር ቢል ጋሼና የአክስቴ ልጆች ሁሉ ከእሱ ጋር ይቆሙ ነበር። እሱ ግን አልተከራከረም፣ ደግሞም አኩርፎ አልተወውም። የት ቢቀመጥ እንደሚጠቅም ጠየቀኝ። መሪ መስጠት ማለት ይህ መሰለኝ። የሚሰጠው ሰው ከጀልባው አይወርድም፣ እጁንም አጣጥፎ «እስቲ እናያለን» አይልም፤ ቦታውን ይቀይራል እንጂ።

ሥራው ቀላል ነበር። ውሃው በሳሳበት የሚገፋበትን ረጅም ቀርከሃ ከብረት ቅስቱ ጋር አስረን ምሰሶ አደረግነው። ሸራውን ፈትተን ሁለቱን ጫፎች ወደ ላይ፣ ሁለቱን በገመድ ወደ ታች። ሞተሩን ከውሃ አውጥተን መቅዘፊያውን በኋላ በኩል በገመድ አሰርኩት። አንድ ነገር ይቀራል። እንዲህ ያለው ጠፍጣፋ ጀልባ ከሆዱ ሥር ውሃውን የሚይዝ ነገር ስለሌለው በጎኑ ይንሸራተታል። የፍሪስላንድ ሰዎች ውሃቸው ጥልቀት ስለሌለው የቆዩ ጀልባዎቻቸው ከግራና ከቀኝ የሚወርድ ሰሌዳ አላቸው። እኛም አንዱን የመቀመጫ ጣውላ ነቅለን፣ ነፋሱ ከሚሄድበት ወገን፣ በቀኝ በኩል ወደ ውሃው ሰቅስቀን ከጎኗ ጋር አጥብቀን አሰርነው። የአንዱን ጫፍ ገመድ ለባለ ጀልባው፣ የሌላውን ለጋሼ ሰጠኋቸው።

ሸራው ሲሞላ የጀልባዋ መናወጥ ቆመ። ይህን ያልለመደ ሰው ይገርመዋል፤ ሸራ ጀልባን ያረጋጋል። ውሃው ከጣውላው ሥር መንሿሿት ጀመረ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይልቀቁልኝ» ስል ይለቃሉ። «አሁን ይሳቡ» ስል ይስባሉ። ገመዱ መዳፋቸውን እያቀላው አንድም ጊዜ «ደከመኝ» አላሉም፤ አንድም ጊዜ ወዴት ነው የምትወስጂን አላሉም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ባሕር ዳር ደረስን።

ስንወርድ ጋሼ ምንም አላሉም። የተናገረችው አክስቴ ናት። ወደ ሐይቁ ዞራ ቆማ፣ «ይህ ነፋስ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለች።

የዓባይ ልጅ

እዚሁ ነበር። ቀን ቀን መሬቱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ከሐይቁ ላይ ያለው ቀዝቃዛ አየር ቦታውን ሊይዝ ይመጣል። ስለዚህ በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና ወደ ባሕር ዳር ይነፍሳል፤ ሌሊት ይገለበጣል፤ ማለዳ ውሃው ይረጋል። የነገደ ወይጦ ታንኳ ሠሪዎችም ሆኑ ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡ ቀዛፊዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ በማለዳ የሚነሡት ለዚህ ነው። የደንገል ታንኳ ግን ነፋስን የሚሸሽ እንጂ የሚጠቀም አይደለም። ቀላልና ጠፍጣፋ ነው፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ከጉዞ በኋላ ዳር ወጥቶ መድረቅ አለበት።

ይሁን እንጂ የጣና ደንገል በሸራ አልሄደም ማለት አይደለም። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል በ1969 «ራ» ያላትን መርከብ ያሠራው ከጣና በተወሰደ ደንገል ነው። ግብፅ ውስጥ ከፒራሚዶቹ አጠገብ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ጀልባ ሠሪዎች ገጣጠሟት፤ ከሞሮኮ ተነሥታ በሸራ አትላንቲክን ልታቋርጥ ጥቂት ሲቀራት ውሃ ገብቶባት ተተወች። በዓመቱ ሁለተኛዋ «ራ» በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች። በሁለቱም ላይ ሴት አልነበረችም። ደንገላችን ውቅያኖስ ላይ በሸራ የሄደውን ያህል እኛ ከባሕር ዳር ዘጌ በሸራ አልሄድንም። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

ባሕር የለንም የሚለውን መልስ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። የሄለን ደ ፑርታሌስ አገርም የላትም። የስዊዘርላንድ ቡድን በ2003 የአሜሪካን ካፕ የተባለውን ትልቁን የሸራ ጀልባ ዋንጫ አሸንፏል። አፍሪካውያን አይደለንም ወይ ለሚለኝ ደግሞ የሞዛምቢኮቹን ዴኒዝ ፓሩኬንና ማሪያ ማሻቫን እጠቅሳለሁ፤ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በሁለት ሰው ጀልባ አገራቸውን ወክለው ተወዳድረዋል። ጣና በግምት 84 ኪሎ ሜትር ርዝመት፣ 66 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው። የጎደለን ውሃ አይደለም።

ልጅ ሳለሁ ከአክስቴ ጋር ወደ ክብራን ገብርኤል ስንሄድ ሴቶች ከወደቡ አንዘልቅም ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው። ወንዶቹ ሲወጡ እኛ ጀልባው ላይ እንጠብቃለን፤ አንዳንዴም አጠገቡ ወዳለው የሴቶች ገዳም፣ ወደ እንጦስ ኢየሱስ እንሻገራለን። የገዳሙን ሥርዓት አልከራከርም፤ የአባቶች ነው። የምለው ሌላ ነው። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ውሃ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ከሰሜን በኩል ጠቆር ያለ ጥላ በውሃው ገጽ ላይ እየሮጠ ሲመጣ፣ ከደረሰ በኋላ ፀጉሬ ሲነሣ አያለሁ። ጥላው ሳይደርስ «መጣ» እላለሁ፤ ይመጣል። ኋላ በኤይሰልሜር አሠልጣኜ ያስተማረችኝ የመጀመሪያ ነገር ይኸው ነበር፤ ውሃው የጠቆረበት ቦታ ነፋስ አለ፣ ዓይንሽን ከእሱ አትንቀይ። ጀልባ ላይ የተቀመጡ የባሕር ዳር ሴቶች ይህን ሲያዩ ስንት ዘመን ኖረዋል!

ስለዚህ አሁን እየሠራን ያለነውን ልንገራችሁ። ኦፕቲሚስት የምትባል የልጆች ጀልባ አለች። ክላርክ ሚልስ የተባለ አሜሪካዊ በ1947 በፍሎሪዳ የነደፋት ናት። አፍንጫዋ ሹል ሳይሆን አራት ማዕዘን ነው፤ ከኮምፔንሳቶ በቀላሉ እንድትሠራ ታስቦ ነው እንዲህ የሆነችው። ርዝመቷ 2.3 ሜትር ያህል ናት። በሆላንድም በሌላውም ዓለም ልጆች ሸራ የሚማሩት በእሷ ነው። ብቻቸውን ነው የሚሳፈሩባት፤ መሪውም ሸራውም የእነሱ ነው። ቀበሌ አካባቢ ያለ አንድ አናጺ ንድፉን አሳየሁት፤ ሁለት ቀን አሰበበትና የታችኛው ጣውላ እንዴት እንደሚጎብጥ ከእኔ በተሻለ አስረዳኝ። ሸራውን የሚሰፋው የድንኳን ሰፊ ነው። ሸራ ዝርግ ጨርቅ አይደለም፤ ሆድ እንዲኖረው እያንዳንዱ ቁራጭ በጫፉ ትንሽ ጎበጥ ብሎ መቆረጥ አለበት። ይህን ስነግረው መቀሱን አስቀምጦ ሳቀ፤ «ታዲያ ይሄ ቀሚስ አይደል እንዴ» አለ። የመጀመሪያዋ ጀልባ ቀለም ብቻ ይቀራታል።

እንቅፋቱ ብዙ ነው። ባለፉት ዓመታት ሐይቁ ላይ መውጣት ራሱ በአካባቢው ሰላም የሚወሰን ሆኗል። እምቦጭ በወረረው ዳርቻ መሪ ይጠላለፋል፤ ስለዚህ ቦታ መምረጥ አለብን። በቂ የሕይወት አድን ጃኬት ገና አላገኘንም፤ ያለ እሱ አንዲት ልጅ አላስወጣም። ከሁሉ የባሰው ግን ዋና ነው። ጋሼ ባለፈው እሑድ ቤት መጥተው ስለ ጀልባው ሲሰሙ ተቃውሞ አላቀረቡም፤ የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «ዋና ማን ያስተምራቸዋል?» አሉ። ትክክለኛው ጥያቄ ነው። የጠየቅኋቸው እናቶች ሁሉ ሴት ልጆቻቸውን ለወንድ የዋና አስተማሪ አይሰጡም፤ ወንዶቹ ልጆች ደግሞ ከዳር ተንቦጫርቀው ራሳቸው ተምረዋል። በዚህ ከተውነው ጀልባዎቹን የሚይዙት እንደገና ወንዶቹ ብቻ ይሆናሉ።

ባሕር ዳር የምትኖር፣ ዋና የምትችልና ልጆች ለማስተማር ፈቃደኛ የሆነች ሴት የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ክረምቱ ሲወጣ መጀመር እንፈልጋለን፤ የሁለተኛዋ ጀልባ ጣውላም ተገዝቶ አናጺው ቤት ተቀምጧል፤ ለውድድር ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋሉ።